ከአማቴ ዋንዛ የወጣው ጊታር

እኔን ለመቅጣት ዱላ አያስፈልግም፤ ቁጭ በል ማለት ይበቃል። ልጅ ሳለሁ አስተማሪዎቼ ይህን ደርሰውበት ነበር። ሌላውን ያንበረክኩታል፣ እኔን ግን "ሳትንቀሳቀስ ቁጭ በል" ይሉኛል፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ላላጠፋሁት ጥፋት ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዛሬ እኔው የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ ያው ነኝ። ከሰሌዳው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ስመላለስ ነው ክፍለ ጊዜው የሚያልቀው። ተማሪዎቼ እኔን ሲከተሉ አንገታቸውን ያማቸዋል አሉ።

ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ሐረር ስመጣ አንድ ዓመት አስተምሬ የምመለስ መስሎኝ ነበር። አገባሁ፣ አቦከር ሰፈር ቤት ያዝኩ፣ ፀጉሬ ሳሳ፣ ሆዴ ወጣ። ሁለ ነገሬ ሐረር ላይ ሲቀመጥ እግሬ ብቻ መቀመጥ አልለመደም።

ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሌላው መምህር ያርፋል፣ እኔ እታመማለሁ። እጄን የማደርግበት ይጠፋኛል። ባለቤቴ ሰናይት ጤና ጣቢያ ስለምትሠራ ክረምት የሚባል ዕረፍት የላትም፤ ጠዋት ስትወጣ የሰው ሚስት "ደህና ዋል" ስትል የኔዋ "ዛሬ እባክህ ምንም ነገር እንዳትጀምር" ብላኝ ነው የምትወጣው። አይፈረድባትም። ግቢያችን ውስጥ ጣሪያ የሌለው የዶሮ ቤት አለ፣ ዝናብ ሲመጣ ዶሮዎቹ ሳሎን ይገባሉ። ሦስት እግር ያለው ወንበር አለ፣ ግድግዳ ካልተደገፈ እንግዳ ይጥላል። የመጻሕፍት መደርደሪያ ብዬ የጀመርኩት ደግሞ አንድ ደርብ ላይ ቆመና አሁን ጫማ ይደረደርበታል። ሁሉንም እጨርሳቸዋለሁ። ይህን ማለት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

ታዲያ ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ገና ሲገባ፣ ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። አንድ ሰው ጣውላ ይዞ ቤቱ ጓሮ ይገባል፣ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ይወጣል። በመካከሉ ያለው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ቪዲዮው ተቆራርጦ መሮጡን፣ የሰውዬው ጢም መጀመሪያ አጭር፣ መጨረሻ ላይ ረጅም እንደነበር ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ጊታር ትችላለህ ወይ? ትሉኝ ይሆናል። ሰናይትም ብላኛለች። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ አንድ የክፍሌ ልጅ ሦስት ኮርድ አስተምሮኛል፤ ከሦስቱ ሁለቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

"ካማረህ ለምን አንዱን አሮጌ ፈልገህ አትገዛም?" አለችኝ።

"መግዛት ሥራ ነው እንዴ?"

"ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" አሉ እማማ አስካለ ከበረንዳው።

እማማ አስካለ የሰናይት እናት ናቸው። ሰማንያን ዘለዋል። አያታቸው ከሸዋ ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበሩና እሳቸው ሐረር ተወልደው ሐረር አርጅተዋል፤ ካስፈለገ በአማርኛ ይመርቃሉ፣ በኦሮምኛ ይገበያያሉ፣ በሐረሪኛ ይሳደባሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ብቻቸውን የሚኖሩበትን ቤት ለቀው እኛ ጋ ገቡ። ዕቃቸው በጭነት መኪና ሲመጣ እኔ ፈተና እያስፈተንኩ ነበርና ስመለስ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዞ ነው የጠበቀኝ። ምን የት እንደገባ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ቆም ማለትን ይፈልጋል።

በማግስቱ ፈላና በር አካባቢ የሚሠራ አናጢ ጋ ሄድኩና እንጨት እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ጥያቄዬን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ለሙዚቃ ዕቃ ከሆነ የደረቀ እንጨት ነው የሚያስፈልግህ። እኔ ጋ ያለው ገና ውኃውን አልጨረሰም። ሐምሌ ላይ የሠራኸው ጥር ላይ እንደ ቀንድ ይጠመዝዝልሃል" አለኝ። "የቆየ ዋንዛ ብታገኝ ነበር። ጥላ ላይ ሃያ ዓመት የተኛ። እሱን ደግሞ አሁን ማን ያመጣዋል? ካገኘህ ለእኔም ንገረኝ።"

አዝኜ ቤቴ ገባሁ። የጓሮው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ እኔ ወርክሾፕ በምለው ሌላው ሰው ግን ዕቃ ቤት በሚለው ቦታ፣ ወዲያ ወዲህ ስል ሽቅብ አየሁ። አግዳሚው ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ አራት ረጃጅም ጣውላዎች ተኝተዋል። ወጥቼ አንዱን በጥፍሬ ቆረቆርኩት። ጠነከረ። አሸተትኩት። ዋንዛ ነው፤ ቡናማ፣ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ቢያንኳኩት የሚዘፍን።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ጣውላዎቹ በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልለው ነበር። እንጨትን በነጠላ የሚጠቀልል ሰው ምን ቢያስብ ነው? ብሎ መጠየቅ የማንም ጤነኛ ሰው ተግባር ነው። እኔ የጠየቅኩት ነጠላው እንዳይቀደድ ቋጠሮውን በየት በኩል ልፍታው ብዬ ነው። ከእማማ አስካለ ዕቃ ጋር የመጣ የአሮጌ አልጋ ርብራብ መሆን አለበት አልኩ ለራሴ፤ አልጋው የለ፣ ርብራቡ ምን ይሠራል? እሳቸው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። እስኪመለሱ መጠበቅ ነበረብኝ፣ ሁለት ሰዓት። ሁለት ሰዓት ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

ቆረጥኩ። የጊታሩ ሆድ ሰፊም ወፍራምም መሆን ስላለበት ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን፣ ሁለት ደግሞ ከላይ ተለጥፎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከአራቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ስንዝር ወሰድኩ። የቀረውን በነጠላው መልሼ ጠቀለልኩና ወደ ቦታው ሰቀልኩት። ቋጠሮውን እንኳ ከበፊቱ አሳምሬ ነው ያሰርኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ሳስባቸው እስከ ዛሬ ደስ ይሉኛል። ኮላ ቀብቼ፣ የወፍጮ ድንጋይ ጭኜ፣ በሌሊት ልብሴ እየወጣሁ ያዘ አልያዘ እያልኩ አየዋለሁ። ቅርጹን የሳልኩት በሰናይት ትልቁ ትሪና በትንሹ ድስት ክዳን ነው፤ ለዚህ ነው ጊታሩ አንድ ጎኑ ጠግቦ ያደረ፣ ሌላው ጎኑ የጾመ የሚመስለው። አንገቱን ከተሰበረ አሮጌ በር ጠርዝ አወጣሁት። ጣት የሚያርፍባቸውን የብረት መስመሮች ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ቆራርጬ ቀበርኩ። ምሳ እረሳለሁ። ሰናይት ስትመለስ ከጓሮ ነው የምታገኘኝ፣ ፊቴ ሁሉ የእንጨት ብናኝ። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ አየችኝና "ይሄን ልትጨርሰው ነው መሰለኝ" አለች። እንዲህ ያለ ቃል ካፏ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

የቀረው የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። እሱን ይዤ ፈረስ መጋላ ወደሚገኘው አብዲ ሄድኩ። አብዲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ሱቁ ሆዳቸው በተከፈተ ሬዲዮዎች ስለተሞላ ደንበኛ ከደጅ ቆሞ ነው የሚያናግረው። የሠራሁትን ከጨርቅ አውጥቼ ሳሳየው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

"አቦ ቲቸር፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ጊታር።"

"ወላሂ?" አለና አገላብጦ አየው። "እንጨቱ ግን እንጨት ነው። ሱብሃነላህ፣ ይሄን የመሰለ ዋንዛ ከየት አገኘህ?"

"ቤት ነበረ" አልኩ በኩራት።

ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ነቅሎ፣ ከተቃጠለ ትራንስፎርመር እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ አውጥቶ ሰጠኝ። ሽቦውን ማግኔቱ ላይ ሰባት ሺህ ጊዜ መጠምጠም ነው፤ የጊታሩ ክር ሲንቀጠቀጥ ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ይሄ ነው። "እኔ ጊዜ የለኝም፣ አንተ ጠምጥም፣ እኔ እበይደዋለሁ ኢንሻአላህ" አለኝ። "ቁጥሩ እንዳይጠፋብህ ብቻ።"

ቁጭ ብሎ ሰባት ሺህ መቁጠር። ይህን ቅጣት አስተማሪዎቼ እንኳ አላሰቡትም ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጬ እጠመጥማለሁ፣ እግሬ ብቻውን ይሄዳል። አንድ ሺህ አራት መቶ ላይ ጎረቤት ገብታ ሰላም አለችኝ፣ እንደገና ጀመርኩ። ሁለት ሺህ ላይ ሰናይት ቁልፍ ጠየቀችኝ፣ እንደገና ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስደርስ እማማ አስካለ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ።

"ሥራ ላይ ነህ?" አሉ።

"ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሦስት፣ አራት፣ አዎ፣ አምስት።"

"አልይዝህም። መስከረም ሲጠባ እንጨቶቼን እንድታወርድልኝ ነው። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ፀሐይ አስመታቸዋለሁ፣ ምስጥ እንዳይገባቸው።"

"ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። የምን እንጨት?"

"የሣጥኔን ነዋ።"

"የምን ሣጥን?"

"የምቀበርበትን" አሉ፣ ስለ ሽሮ እንደሚያወሩ።

ሽቦው ተበጠሰ። እሳቸው ግን ጨዋታ ያገኙ መስሏቸው ቀጠሉ። ባለቤታቸው ሲሞቱ ጊዜው ክፉ ነበር፣ እንጨት ጠፍቶ ነበርና ከስስ ኮምፖርሳቶ የተመታ ሣጥን ተገኘ። ቀብሩ ላይ ዝናብ ያዘ። ሣጥኑ ውኃ ሲነካው አበጠ፣ ተሸካሚዎቹ ትከሻ ላይ ተለመጠ፣ አንድ ጎኑ ተከፈተ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

"ባሌን በብስኩት ካርቶን ነው የቀበርኩት" አሉ። "ያኔ ነው ለራሴ የማልኩት። በዓመቱ ዋንዛ ገዛሁ፣ አናጢው በቁመቴ ልክ ሰነጠቀልኝ፣ ለራስጌና ለግርጌ በድምሩ አንድ ስንዝር ጨምሮ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከልጆቼ ሌላ ከዚህ ዓለም ያስቀመጥኩት እሱን ብቻ ነው። ሌላ ምን እፈልጋለሁ ልጄ?"

ወደ ጓሮ ሄጄ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ቆምኩ። ስንዝር ጨምሮ ተሰነጠቀ። እኔ ሁለት ስንዝር ቆረጥኩ። ይህን ሒሳብ የጂኦግራፊ መምህርም ይሠራዋል፤ እማማ አስካለ ከቁርጭምጭሚታቸው በታች ደጅ ሊያድሩ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔን የወረሰኝ ግን ሳልፈራውም ሳልጠላውም፣ ተደስቼበት ሳለ ነው።

ለምን ወዲያው አልነገርካቸውም? ትሉኛላችሁ። ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ አፌን ስከፍት ያ የተለመጠ ሣጥን ትዝ ይለኝና "ውኃ ላምጣልዎት?" እላለሁ። ሦስት ብርጭቆ ውኃ ጠጥተዋል።

የፈላና በሩ አናጢ ጋ በረርኩ። የደረቀ ዋንዛ እኔው ይዤለት የመጣሁ መስሎት በደስታ ተቀበለኝ። ምትክ እንደምፈልግ ስነግረው ከፋው። "ባሕር ዛፍ ቀጥልበትና ሻይ ቀባው፣ ቀለሙ ይመጣል" አለኝ በመጨረሻ። ገዛሁና ቀጣጥዬ ሻይ ቀባሁት። የመጣው ቀለም የሻይ ነው። እንኳን እማማ አስካለ፣ ዶሮዎቹም ይለዩታል።

ለሰናይት አልነገርኩም። የነገርኩት ለአብዲ ብቻ ነው፤ የተበጠሰውን ሽቦ ይዤ ስሄድ ፊቴን አይቶ አስለፈለፈኝ። ሰምቶ ሲጨርስ ብየዳውን አስቀመጠ።

"ያ ጀማዓ፣ እንጨት?" አለ። "እኛ ጋ ሰው ቢሞት በከፈን ጨርቅ ነው፣ አፈር ለአፈር፣ አለቀ። ከኛ ብታገባ ኖሮ ይሄ ጣጣ አይገኝህም ነበር። የናንተ ነገር ዕቃ ይበዛዋል።"

"አሁን ምን ላድርግ አብዲ?"

"ዱዓ አድርግላቸው" አለ። "ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ምትኩ እንጨት እስኪደርቅልህ ድረስ ቢኖሩልህ ምን አለበት?"

ሲቀልድ ነው። እኔ ግን የያዝኩት ሥራዬ ብዬ ነው። እማማ አስካለ መሞት የለባቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳላቸውን በሰማሁ ቁጥር ዝንጅብል ይዤ የምሮጥ ሆንኩ። ማር ፈልጌ አመጣሁ። ብርቱካን እየላጥኩ አጎርሳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ክንዳቸውን ይዤ፣ ጃንጥላ ዘርግቼ፣ ድንጋዩ የሚያንሸራትተውን መንገድ ትቼ በዙሪያው እወስዳቸዋለሁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ደጀ ሰላሙ ላይ ወዲያ ወዲህ እያልኩ እጠብቃለሁ።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። እኔ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሰዓቴን እያየሁ ያልበኛል። በአምስተኛው ቀን አልቻልኩም፤ የነፍስ አባታቸውን መንገድ ላይ አስቁሜ "አባ፣ በዕድሜ ምክንያት ይፍቀዱላቸው" ብዬ ለመንኩ። አባም ቤት ሲመጡ የለመንኩትን ነገሯቸው። እማማ አስካለ በሕይወቴ እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። "አሮጊት ነች ብለህ ነገርክብኝ ለቄስ?" አሉና እልህ ይዟቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መጾም ጀመሩ። ክብደት የቀነስኩት እኔ ነኝ።

ይባስ ብሎ ስሜ በደግ ተነሣ። የዕድር ሴቶች እኔን እያሳዩ አማቾቻቸውን መሳደቢያ አደረጉኝ። "ልጅስ የሰናይት ባል" ይላሉ፣ "እናት ቢሆኑ እንዲህ አይንከባከባቸውም።" አንዷ ደረቴን ስማ መረቀችኝ። ሰናይት ብቻ ናት በጎን የምታየኝ።

"እውነቱን ንገረኝ" አለችኝ አንድ ቀን። "እናቴ የማላውቀው በሽታ አለባት?"

"የለባቸውም።"

"ታዲያ አንተ ነህ የታመምከው።"

እንዲህ እያልን ጳጉሜ ደረሰ። መስከረም ቀናት ቀሩት። የተበጠሰውን ሽቦ ቀጥዬ፣ ሰባት ሺሁን ጠምጥሜ ስወስድለት አብዲ በይዶ፣ ገጣጥሞ፣ ክሩን ወጥሮ ጊታሩን ሰጠኝ፤ ከአሮጌ ቴፕ ጋር የሚያገናኝ ገመድም ጨመረልኝ። እውነቱን ለመናገር ልብ አልነበረኝም፤ ግን እጄ ላይ ያለቀ ነገር ሳይ ሳልሞክረው ከምቀር ብሞት ይሻለኛል። እማማ አስካለ ጸበል ሄደዋል ብዬ ቆርቆሮ ቤት ገባሁ፣ ቴፑን ሰካሁ፣ ገመዱን አገናኘሁ፣ የማልረሳውን ኮርድ ያዝኩና ክሩን መታሁ።

ጊታሩ "ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በሰባተኛው ቀን ክትባቱን ማግኘት አለባቸው" አለኝ።

እጄን አነሳሁ። ጊታሩ ቀጠለ። የሴትዮ ድምፅ ነው፣ የጠራ፣ የተረጋጋ። ክሮቹን በመዳፌ ያዝኩ፣ ስለ ውኃ መጠጫ ዕቃ ንጽሕና ነገረኝ። ለካ ሰባት ሺህ ዙር የጠመጠምኩት ሽቦ አንቴና ሆኖ የሬዲዮ ጣቢያ ይዟል። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ያሰብኩት ይህንን አይደለም። የሰው ሣጥን ነክተህ ዝም የሚልህ መሰለህ? ነው ያልኩት። ገመዱን ለመንቀል ስጎነበስ በሩ ተከፈተ።

እማማ አስካለ ናቸው። የጸበል ጠርሙሳቸውን ይዘዋል።

"የምን ሴት ናት?" አሉ።

"ጊታሩ ነው።"

ቀረብ ብለው አዩት። ሆዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ዳሰሱና ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ የዓይን ቅርጽ ያለው ጠቆር ያለ የእንጨት ጉጥ ላይ። ሃያ ስድስት ዓመት በየመስከረሙ ሲያገላብጡት የኖሩት እንጨት ነው። ቀና ብለው አግዳሚውን አዩ። ቋጠሮውን አዩ። ቋጠሮውን ከበፊቱ አሳምሬ ማሰሬ ራሱ እጅ ከፍንጅ አስያዘኝ።

ተናዘዝኩ። ሁሉንም፣ ሻዩን ሳይቀር። ስጨርስ ጊታሩ ብቻ ነበር የሚያወራው። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ በሐረሪኛ። እሳቸው ግን "አውርዳቸው" አሉ።

አወረድኩ። ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን እንድደረድራቸው አዘዙኝ። ደረደርኩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ እጄን ያዙና ተቀመጡ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ጣውላው ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ።

ሰናይት ከሥራ የገባችው በዚህ ሰዓት ነው። እናቷ እንጨት ላይ ተዘርግተዋል፣ ባሏ ሜትር ይዞ ከእግራቸው በኩል ተንበርክኳል፣ ከጓሮ የማታውቃት ሴት ስለ ጫጩት ታስተምራለች። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ማነው የሞተው?" አለች በቀስታ።

"ማንም አልሞተም፣ ልክ እየተለካሁ ነው" አሉ እማማ አስካለ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ነይ ራሴን ከጠርዙ አስተካክይልኝ። በጣም ያንሳል ወይ አንተ ልጄ?"

ሰናይት ምንም ሳይገባት እንደታዘዘችው አደረገች። እኔ ወደ ተረከዛቸው ጎንበስ አልኩ። በሒሳቤ እግራቸው ከጣውላው ስንዝር ያህል ማለፍ አለበት። አላለፈም። እንደገና አየሁ። ተረከዛቸው ከጠርዙ አራት ጣት ገባ ብሎ ነው የቆመው።

በቂ ነው። ይተርፋል እንኳ።

እዚህ ላይ እልል ማለት ነበረብኝ። አምስት ሳምንት ሙሉ ስሮጥለት የነበረው ነገር ተፈታ፤ እንጨቱ ይበቃል፣ በደሌም የጎዳው ሰው የለም፣ ጊታሬም የእኔ ነው። ግን ያ ስንዝር የት ሄደ? እንጨት አያድግም። የሄደው ከእሳቸው ነው። ከወገባቸው፣ ከአንገታቸው፣ ከጉልበታቸው፣ ትንሽ ትንሽ እያለ። እኔ ቤት ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ በየቀኑ አጠገባቸው አልፋለሁ፣ ይኸው ለሳምንታት ክንዳቸውን ይዤ ስሄድ ከርሜያለሁ፤ ያየሁት ግን ሳላቸውንና ሰዓቴን እንጂ እሳቸውን አልነበረም። ጣውላው ላይ ተጋድመው ሳይ የልጅ ያህል ናቸው። ፈራሁ። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ለራሴ ነበር፤ አሁን ለእሳቸው ፈራሁ።

"ስንት ጎደለ?" አሉኝ።

ሜትሩን ዘረጋሁ። አውራ ጣቴን ቁጥሩ ላይ ጫንኩ።

"ስንዝር" አልኩ። "ስንዝር ሙሉ። አይበቃም እማማ። ወደኔ በኩል እግርዎ ወጥቷል።"

ሰናይት አየችኝ። ከዚያ የእናቷን እግር አየች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እማማ አስካለ ዓይናቸውን ገለጡ። ተረከዛቸውን እንጨቱ ላይ ወዲህና ወዲያ አደረጉት፣ ሲያሹት ሰማሁ። አራት ጣት ቦታ እንዳለ ተረከዝ ያውቃል። ቀና ብለው እኔን አዩ፣ አውራ ጣቴን አዩ።

"ዋንዛ አሁን ይገኛል?" አሉ።

"ደረቁ አይገኝም። እርጥቡን ገዝቼ አሰነጥቃለሁ። ከዚያ ጥላ ላይ መድረቅ አለበት።"

"ስንት ዓመት ይፈጃል?"

"አሥር ዓመት።"

"አሥር?"

"አሥራ ሁለት" አልኩ። "ክረምቱ ከበዛ አሥራ አምስት።"

"እንግዲህ ምን ይደረጋል" አሉ እማማ አስካለ፣ እንዳነሣቸው እጃቸውን እየዘረጉልኝ። "እስኪደርቅ እንጠብቃለን።"